ቪኞ ቬርድ፦ ከአመራረጥ እስከ ማዕድ፣ ደረጃ በደረጃ

«ከፖርቹጋል የመጣ ነጭ ወይን ገዛሁ፣ ከምን ምግብ ጋር ልጠጣው?» ይህ ጥያቄ ሳያቋርጥ ይደርሰኛል። ጠርሙሱ ምን እንደሆነ ስጠይቅ ብዙውን ጊዜ መልሱ ቪኞ ቬርድ ነው። አያስገርምም። ዋጋው አይከብድም፣ አልኮሉ ቀለል ያለ ነው፣ በአውሮፓና በአሜሪካ በየሱፐርማርኬቱ ይገኛል። ችግሩ የሚመጣው ሲቀርብ ነው። ሳይቀዘቅዝ ይከፈታል፣ ከቀይ ወጥ ጋር ይቀርባል፣ ከዚያ «ኮመጠጠኝ» ተብሎ ይተዋል። ወይኑ ግን ምንም አላጠፋም። ስለዚህ ከግዢው ጀምሮ ትርፉን እስከማስቀመጥ ያለውን ሁሉ በቅደም ተከተል ጽፌላችኋለሁ።

መጀመሪያ ወይኑን እንወቀው

ቪኞ ቬርድ የሚመረተው በሰሜን ምዕራብ ፖርቹጋል ነው። ክልሉ ከስፔን ጋር ድንበር ከሆነው ከሚኞ ወንዝ ተነስቶ ወደ ደቡብ ይዘልቃል። አትላንቲክ ውቅያኖስ ቅርብ ስለሆነ ዝናቡ ብዙ ነው፣ ሙቀቱም አይበረታም። በዚህ አየር ያደገ ወይን ፍሬ ስኳሩ መጠነኛ ይሆናል፣ ኮምጣጣነቱ ግን አይጠፋም። ከዚህ የተነሳ ወይኑ ሦስት ጠባይ አለው፦ ኮምጠጥ ይላል፣ አልኮሉ ዝቅተኛ ነው፣ ብዙዎቹ ጠርሙሶች ደግሞ ምላስን ቆንጠጥ የሚያደርግ ትንሽ ጋዝ አላቸው። ከታች የምነግራችሁ ነገር ሁሉ የሚመነጨው ከእነዚህ ከሦስቱ ነው።

አንድ ነገር ብቻ ከዚህ ጽሑፍ የምትይዙ ከሆነ ይህን ያዙ፦ ይህ ወይን ማዕድ ላይ የሎሚን ሥራ ይሠራል። ምግቡን ስታዩት ሎሚ ልጨምቅበት ካሰኛችሁ ቪኞ ቬርድ ይስማማዋል። ሎሚ ቢጨመቅበት የሚበላሽ ምግብ ከሆነ ሌላ ወይን ፈልጉ።

የሚያስፈልጉ ነገሮች (ለ4 ሰው)

- 1 ጠርሙስ ነጭ ቪኞ ቬርድ፣ 750 ሚሊ ሊትር። በ125 ሚሊ ሊትር ሲቀዳ 6 ብርጭቆ ይወጣዋል።
- የቡሽ መክፈቻ። ክዳኑ የሚጠመዘዝ ከሆነ አያስፈልግም።
- እግር ያላቸው የወይን ብርጭቆዎች
- ጠርሙሱን እስከ አንገቱ የሚውጥ ባልዲ ወይም ጥልቅ ድስት፣ በረዶ፣ ውሃ፣ አንድ እፍኝ ጨው
- ንጹሕ ፎጣ
- 600 ግራም ገደማ ባካልያው፣ ማለትም በጨው የደረቀ ኮድ አሳ። የፖርቹጋል ወይም የብራዚል ዕቃ የሚሸጡ ሱቆች አያጡትም።
- 800 ግራም ድንች፣ 2 ትልልቅ ሽንኩርት፣ 3 ፍንካች ነጭ ሽንኩርት፣ 3 እንቁላል፣ ጥቁር የወይራ ፍሬ፣ ፐርሰሜሎ፣ ጥሩ የወይራ ዘይት፣ ሎሚ

ባካልያው ካላገኛችሁ በ1 ኪሎ ትኩስ ሳርዲን ተኩት። አሠራሩን 5ኛው ደረጃ ላይ ታገኙታላችሁ።

ደረጃ 1፦ ምግቡን ወስኑ፣ ወይኑን ከዚያ በኋላ ግዙ

ብዙ ሰው ጠርሙሱን ገዝቶ ነው ምግብ የሚፈልገው። ቅደም ተከተሉን ገልብጡት። ቪኞ ቬርድ አንድ ዓይነት ብቻ አይደለም። ቀጭንና ጋዝ ያለው አለ፣ ሞላ ያለና ጋዝ የሌለው አለ፣ ትንሽ ጣፈጥ የሚልም አለ። የቱን እንደምትገዙ የሚነግራችሁ ሳህናችሁ ላይ ያለው ነገር ነው።

የተጠበሰ አሳ፣ በከሰል የተጠበሰ ሳርዲን፣ ሰላጣ፣ ትኩስ የፍየል አይብ ካሰባችሁ ቀጭኑና ደረቁ (ጣፋጭነት የሌለው) ይበቃችኋል። በወይራ ዘይት የራሰ ባካልያው፣ ክሬም ያለበት አሳ ወይም በኦቨን የተጠበሰ ዶሮ ከሆነ ሞላ ያለውን ያዙ። የሚያቃጥል ነገር፣ ለምሳሌ ፖርቹጋሎች በፒሪ ፒሪ በርበሬ የሚጠብሱት ዶሮ ከሆነ፣ ትንሽ ጣፋጭነት ያለው ይሻላል። ስኳሩ ቃጠሎውን ያለዝባል። አልኮሉ ዝቅ ማለቱም ይረዳል፣ ምክንያቱም አልኮል ሲበዛ የበርበሬን ማቃጠል ያባብሳል።

ደረጃ 2፦ ጠርሙሱን አንብቡ

መደርደሪያው ፊት ቆማችሁ የምታዩአቸው ነገሮች እነዚህ ናቸው።

ቀለሙ። «ብራንኮ» ነጭ ነው፣ «ቲንቶ» ቀይ ነው፣ «ሮዜ»ም (ሮዝ ቀለም ያለው) አለ። ሦስቱም ቪኞ ቬርድ ተብለው ይሸጣሉ። ቀዩ ሻካራና በጣም ኮምጣጣ ነው፣ ለዚህ መመሪያ አይሆንም።

የወይን ፍሬው ስም። ከሁሉ በላይ የሚጠቅማችሁ መረጃ ይህ ነው። «ሎሬይሮ» የሚል ካያችሁ ሽታው አበባ አበባ የሚል፣ ቀጭንና ትኩስ ወይን ጠብቁ። በሊማ ወንዝ ሸለቆ በብዛት ይበቅላል፣ ለአሳና ለሰላጣ የኔ የመጀመሪያ ምርጫ ነው። «አልቫሪኞ» የሚል ከሆነ ሞላ ያለ፣ የኮክና የብርቱካን ዓይነት መዓዛ ያለው ነው። ስመ ጥሩው የሚመጣው በሰሜን ጫፍ ካለው ከሞንሳው ኢ ሜልጋሶ ነው። ዋጋው ከፍ ይላል፣ ለባካልያው ግን ልዩነቱን መክፈል ተገቢ ነው። «አሪንቶ»ና «ትራጃዱራ» ብዙ ጊዜ ከሌሎች ጋር ተደባልቀው ነው የሚገኙት። አሪንቶ ኮምጣጣነት ይጨምራል፣ ትራጃዱራ ያለዝባል። ምንም የፍሬ ስም ካልተጻፈ አብዛኛውን ጊዜ ድብልቅ ነው ማለት ነው። ድብልቅ መሆኑ ጉድለት አይደለም። እንደ ካዛል ጋርሲያና ጋዜላ ያሉት በየቦታው የሚታዩት ጠርሙሶች በዚህ ይመደባሉ። ቀለል ያሉ፣ ጋዝ ያላቸው፣ በትንሹ ጣፈጥ የሚሉ ናቸው።

የአልኮሉ መጠን። የፍሬው ስም ከሌለ ቁጥሩ ይመራችኋል። 9 ወይም 10 በመቶ ከሆነ ቀጭን ነው። 12 እና 13 በመቶ ከሆነ ሞላ ያለ ነው፣ አብዛኛውን ጊዜም አልቫሪኞ ነው።

ዓመቱ። ቀጭኑን ዓይነት በተመረተ በአንድ ወይም በሁለት ዓመት ውስጥ ጠጡት። ትኩስነቱ ነው ዋጋው፣ ሲቆይ መዓዛውም ጋዙም ይጠፋል። ጥሩ አልቫሪኞ ግን ብዙ ዓመት ይቆያል፣ አንዳንዱ እንዲያውም እየበሰለ ይሄዳል። ዓመት ያልተጻፈበት ጠርሙስ ከሆነ ዕቃ ቶሎ ቶሎ ከሚሸጥበት ሱቅ ግዙ።

ማኅተሙ። እውነተኛ ቪኞ ቬርድ የክልሉ የወይን ኮሚሽን የሚሰጠው ቁጥር ያለው የዋስትና ማኅተም አለው። አብዛኛውን ጊዜ ከጀርባ ነው የሚለጠፈው። ኮሸር (የአይሁድ የምግብ ሕግ) የምትጠብቁ ከሆነ ደግሞ የኮሸሩን ምልክት ለብቻው ፈልጉ፣ የክልሉ ማኅተም እሱን አይተካም።

ጥንቃቄ፦ መስኮት ላይ ወይም ጠንካራ መብራት ሥር የቆመ ጠርሙስ አትግዙ። በተለይ የጠርሙሱ መስታወት ቀለም የለሽና ግልጽ ከሆነ ብርሃን መዓዛውን ያበላሸዋል። ከኋላ ያለውን ጠርሙስ ጎትታችሁ አውጡ።

ደረጃ 3፦ ባካልያውን ከጨው አውጡ (ከ2 ቀን በፊት)

እዚህ ላይ ጊዜ ስጡ። ማዕዱን የሚሠራውም የሚያፈርሰውም ይህ ደረጃ ነው። በልክ የሆነ ጨው የወይኑን ኮምጣጣነት ያለዝበዋል። ከልክ ያለፈ ጨው ግን አፍን ያደርቃል፣ ከዚያ በኋላ ምንም ዓይነት ወይን ጣዕሙ አይታወቅም።

መጀመሪያ አሳውን በቀዝቃዛ የቧንቧ ውሃ እጠቡና ላዩ ላይ ያለውን ጨው አራግፉ። ከዚያ ጎድጓዳ ዕቃ ውስጥ ቆዳውን ወደ ላይ አድርጋችሁ አስቀምጡ። ቆዳው ወደ ታች ከሆነ ከሥጋው የሚወጣው ጨው መውረጃ ያጣል። በብዙ ቀዝቃዛ ውሃ ሸፍኑትና ክዳን አድርጋችሁ ፍሪጅ ውስጥ አስገቡ።

ውሃውን በቀን 3 ወይም 4 ጊዜ ቀይሩ። ጨው ከአሳው የሚወጣው በዙሪያው ያለው ውሃ ከአሳው ያነሰ ጨው ሲኖረው ነው። ውሃው ካልተቀየረ ጨው ይጠግብና ሥራው ይቆማል። ወፍራም ቁራጭ 48 ሰዓት ይፈልጋል። ቀጭኑ ወይም አስቀድሞ የተፈተፈተው ከ12 እስከ 24 ሰዓት ይበቃዋል።

መድረሱን ለማወቅ ከወፍራሙ ክፍል ትንሽ ቁራጭ ቆርጣችሁ ቀቅሉና ቅመሱ። ጨው የተጨመረበት ተራ አሳ ከመሰላችሁ ደርሷል። ምላስ የሚያኮማትር ከሆነ ውሃውን ቀይራችሁ ጥቂት ሰዓት ጨምሩ።

ማስጠንቀቂያ፦ ለማፋጠን ብላችሁ በሙቅ ውሃ አትዘፍዝፉት፣ ኩሽና ጠረጴዛ ላይም አታሳድሩት። ጨው እየለቀቀ ሲሄድ አሳው እንደማንኛውም ትኩስ አሳ የሚበላሽ ይሆናል።

ደረጃ 4፦ ወይኑን አቀዝቅዙ

ቀጭኑና ጋዝ ያለው ከ6 እስከ 8 ዲግሪ ሴልሺየስ ይፈልጋል። አልቫሪኞ ከ10 እስከ 12 ዲግሪ ይበቃዋል። ሙቀት ሲጨምር ጋዙ ቶሎ ያመልጣል፣ መንፈስን የሚያድሰው ስሜት ጠፍቶም ኮምጣጣነቱ ብቻውን ይቀራል። በጣም ከቀዘቀዘ ደግሞ መዓዛው ይታፈናል። ለውድ አልቫሪኞ ይህ ብክነት ነው።

ሁለት መንገድ አለ። ጊዜ ካላችሁ ፍሪጅ ውስጥ 3 ሰዓት አስቀምጡት። አልቫሪኞ ከሆነ ከመቅዳታችሁ ከ15 ደቂቃ በፊት አውጡት። ከቸኮላችሁ ባልዲውን ግማሽ በግማሽ በበረዶና በውሃ ሙሉ፣ አንድ እፍኝ ጨው ጨምሩ፣ ጠርሙሱን እስከ አንገቱ ንከሩ። 20 ደቂቃ ይበቃል። ውሃው የግድ ነው። በረዶ ብቻውን ጠርሙሱን የሚነካው እዚህም እዚያም ነው፣ ውሃው ግን ዙሪያውን ይይዘዋል። ጨው ደግሞ የውሃውን ሙቀት ከዜሮ በታች ያወርዳል።

ማስጠንቀቂያ፦ ፍሪዘር ውስጥ ከታችሁ አትርሱት። ወይን ወደ በረዶነት ሲለወጥ ይለጠጣል፣ ቡሹን ሊገፋ ወይም ጠርሙሱን ሊሰነጥቅ ይችላል።

ደረጃ 5፦ ምግቡን ሥሩ

የማቀርብላችሁ የፖርቶ ከተማ ወዳጅ የሆነውን ባካልያው አ ጎምሽ ደ ሳ የሚባለውን አሠራር በቀላሉ ነው። ድንቹን ከነልጣጩ ቀቅሉ፣ ልጣችሁ በክብ በክብ ቁረጡት። እንቁላሉን ቀቅሉ። ባካልያውን በሚፈላ ውሃ ውስጥ ለ10 ደቂቃ ያህል በዝግታ አብስሉ፣ ቆዳውንና አጥንቱን አውጡ፣ በትልልቁ ፈልፍሉት። ሽንኩርቱን በቀጭኑ ከትፋችሁ በብዙ የወይራ ዘይት አለስልሱ። ቡናማ እንዲሆን አትጠብቁ። ሽንኩርት በጣም ሲጠበስ ይጣፍጣል፣ የምግቡ ጣፋጭነት ወይኑን ይበልጥ ኮምጣጣ ያስመስለዋል። ነጭ ሽንኩርቱን መጨረሻ ላይ ጨምሩ።

ድንቹን፣ አሳውንና ሽንኩርቱን በመጥበሻ ሳህን ደርድሩ፣ የቀረውን ዘይት አፍስሱበት፣ በ200 ዲግሪ ኦቨን ለ15 ወይም 20 ደቂቃ አስገቡ። ሲወጣ እንቁላሉን፣ የወይራ ፍሬውንና ፐርሰሜሎውን ከላይ በትኑ። ጨው ከቀመሳችሁ በኋላ ካልሆነ በቀር አትጨምሩ።

ሳርዲን ከሆነ ሥራው ያጥራል። ሙሉውን በደረቅ ጨው እሹት፣ ግማሽ ሰዓት አቆዩት፣ በጋለ ከሰል ላይ በየጎኑ ጥቂት ደቂቃ ጥበሱት። በፖርቹጋል ሰኔ ወር ላይ፣ በተለይ በፖርቶ የቅዱስ ዮሐንስ በዓል ሲከበር፣ መንገዱ ሁሉ በዚህ ጭስ ይታጠናል። ሳርዲኑን ዳቦ ላይ አድርጋችሁ ብሉት፣ ዳቦው ስቡን ይጠጣል። ለሳርዲን ቀጭኑ ሎሬይሮ ከአልቫሪኞ ይበልጣል ባይ ነኝ። ስቡ ብዙ ስለሆነ የሚያጥብ ወይን ነው የሚፈልገው።

ደረጃ 6፦ ክፈቱና ቅዱ

ጠርሙሱን አድርቁት። እርጥብ ጠርሙስ ከእጅ ያመልጣል። ቡሹን ሳትነቀንቁ በቀጥታ ሳቡ። ለራሳችሁ ትንሽ ቀድታችሁ አሽትቱ። እርጥብ ካርቶን ከሸተታችሁ ቡሹ ወይኑን አበላሽቶታል። ቀለሙ ወደ ጥቁር ወርቃማ ካዘነበለና የተመታ ፖም ከሸተታችሁ አየር ገብቶበታል ወይም አርጅቷል። ሁለቱም ጤና አይጎዱም፣ ግን ምግቡን ይገድሉታል፤ ወደ ሱቁ መልሱት።

ስትቀዱ ብርጭቆውን ዘንበል አድርጉና በጎኑ በዝግታ አውርዱት። በኃይል ከተንዶለዶለ ጋዙ ብርጭቆ ሳይደርስ ያልቃል። ከብርጭቆው ሲሶ አይለፍ። ቀሪው ቦታ ለመዓዛው ነው፣ ትንሽ ትንሽ ሲቀዳም ወይኑ ሳይሞቅ ያልቃል። ጠርሙሱን ወደ በረዶው መልሱ።

ደረጃ 7፦ ከምግቡ ጋር አስታርቁ

አንድ ጊዜ ተጎንጩ፣ ጉረሱ፣ እንደገና ተጎንጩ። ሁለተኛው ጉንጭ ከመጀመሪያው የተሻለ ከሆነ ጥምረቱ ሠርቷል። ካልሠራ ሌላ ጠርሙስ ከመክፈት በፊት ምግቡን አስተካክሉ። ወይኑ ከምግቡ በኋላ ኮምጣጣ ከሆነባችሁ ምግቡ ላይ ጥቂት ሎሚና ቁንጥር ጨው ጨምሩ። ግራ የሚያጋባ ይመስላል፣ ግን ምላስ ከምግቡ ኮምጣጣነትና ጨው ካገኘ ወይኑ ለስላሳ ሆኖ ይሰማዋል። ወይኑ እንደ ውሃ ከቀጠነባችሁ ምግቡ ከብዶበታል፤ ለሚቀጥለው ጊዜ አልቫሪኞ ግዙ።

ፖርቹጋሎች ይህን ወይን ከዛጎል ለበስ የባሕር እንስሳትና ከኦክቶፐስ ጋርም በብዛት ያቀርባሉ። ክንፍና ቅርፊት የሌለውን የማትበሉ አንባቢዎች ብዙ እንደሆናችሁ አውቃለሁ። የቀረባችሁ ነገር የለም። የተጠበሰ የባካልያው ኳስ፣ ሳርዲን፣ የድንችና የጎመን ሾርባ የሆነው ካልዶ ቬርድ አሉላችሁ። ሾርባው ላይ የአሳማ ቋሊማ ስለሚጨመር ምግብ ቤት ውስጥ ሳይጨመር እንዲመጣላችሁ ጠይቁ።

ከእኛ ምግብ ጋርስ?

ይህም ሁሌ ይጠየቃል። የሎሚው ደንብ እዚህም ይሠራል። የአሳ ኮተሌትና በሎሚ የሚበላ ጥብስ አሳ በጣም ይስማሙታል። የቲማቲም ሰላጣ ከቃሪያ ጋር፣ አይብ ከጎመን ጋርም እንዲሁ። እንጀራም አይከለክለውም፣ እንዲያውም ያግዛል። ኮምጠጥ ያለ ምግብ ለስላሳ ወይንን ፍዝ ያደርገዋል፣ ቪኞ ቬርድ ግን ኮምጣጣነቱ ስለሚበቃው እንጀራ ፊት አይሸነፍም።

ዶሮ ወጥ፣ ቀይ ወጥና ክትፎ ግን አይሆኑትም። ለረጅም ሰዓት የበሰለው ሽንኩርት ይጣፍጣል፣ ቅቤውና በርበሬው ይከብዳሉ፣ ወይኑ መካከላቸው ይጠፋል። ለእነሱ ሌላ ወይን ወይም ጠጅ አቅርቡ።

ደረጃ 8፦ ትርፉን አቆዩ

ክዳኑን ወይም ቡሹን መልሳችሁ ፍሪጅ ውስጥ አቁሙት። ጋዝ ያለው በማግስቱ ቢያልቅ ይሻላል። አልቫሪኞ 3 ቀን ገደማ ይቆያል። ጋዙ የጠፋበትን አትድፉት። አሳ በነጭ ሽንኩርትና በድንብላል ቅጠል ስትሠሩ ግማሽ ብርጭቆ ጨምሩና ተንኖ ሲሶ እስኪሆን አፍሉት።

ብዙ ጊዜ የሚታዩ ስሕተቶች

ብርጭቆ ውስጥ በረዶ መጨመር። ቀጭን ወይን ነው፣ በረዶው ሲቀልጥ ከቅጥነቱ በላይ ያቀጥነዋል። ከሞቀባችሁ ጠርሙሱን አቀዝቅዙ።

ከኬክ ጋር ማቅረብ። ለልደት የተገዛ ጠርሙስ ብዙ ጊዜ የሚበላሸው እንዲህ ነው። ከወይኑ የጣፈጠ ምግብ ወይኑን ወደ ሎሚ ጭማቂ ይለውጠዋል። ከምግቡ በፊት፣ ጨው ካለው ለውዝ ወይም ከወይራ ፍሬ ጋር ክፈቱት።

ለዓመታት ማስቀመጥ። ቀጭኑ ዓይነት ቁም ሣጥን ውስጥ ተቀምጦ አይሻሻልም። እንግዳ እስኪመጣ አትጠብቁ።

ከመጠጣታችሁ በፊት

አልኮሉ ዝቅተኛ መሆኑ ሰውን ያታልላል። ቀዝቃዛ ስለሆነና ስለሚቀል ቶሎ ቶሎ ይጠጣል። መኪና የምትነዱ ከሆነ አትጠጡ። በፖርቹጋል የተፈቀደው ጣሪያ በአንድ ሊትር ደም 0.5 ግራም ነው፣ ለአዲስ አሽከርካሪዎች ደግሞ 0.2 ብቻ ነው።

ነፍሰ ጡር ከሆናችሁ ተዉት። ለአሜባ ወይም ለጃርዲያ ሜትሮኒዳዞል፣ ማለትም ፍላጂል፣ እየወሰዳችሁ ከሆነም አልኮል አትንኩ፣ ኪኒኑን ከጨረሳችሁም በኋላ ቢያንስ 3 ቀን ጠብቁ። አስም ያለባችሁ ጠርሙሱ ላይ ሰልፋይት (ወይኑ እንዳይበላሽ የሚጨመር ነገር) የሚለውን አስተውሉ፣ አንዳንድ ሰው ላይ ትንፋሽ ያሳጥራል።

ወደ ሳውዲ ወይም ወደ ኩዌት የምትጓዙ ከሆነ ደግሞ ጠርሙሱን በስጦታም ቢሆን ሻንጣ ውስጥ አትክተቱት። አልኮል ይዞ መግባት በሁለቱም አገሮች በሕግ የተከለከለ ነው።